ሃሊሞ ጓሮ ያደሩ አልጋዎች

ሃሊሞን መጀመሪያ ያወቅኳት ወተት ስታዞር ነው። ከጀልዴሳ ዘመዶቿ የሚልኩላትን የግመል ወተት ተቀብላ በማለዳ በየደጁ ትሸጥ ነበር። እንደ ሌሎቹ «ወተት» ብላ አትጣራም። በሩን በመዳፏ መታ መታ ታደርግና ትቆማለች። ግቢ፣ አረፍ በይ ቢሏት በጄ አትልም። እግሯ እስኪያብጥ ዞራም ቢሆን ቆማ ሸጣ፣ ቆማ ተጫውታ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኳት።

«አባዮ፣ በሰው መሬት ላይ መቀመጥ ልማድ ይሆናል» አለችኝ። አባዮ በሱማሌኛ እህቴ እንደማለት ነው፤ ድሬ ላይ ሁላችንም እንባባልበታለን።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቋ አጭር የሆነ ሴት ነበረች። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም። ድሬ ላይ ይሄ ነውር አይደለም፣ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ እንላለን። ሃሊሞ ግን የቀበሌ ሊቀመንበሩንና ወጠጤዋን በአንድ አፍ ነበር የምታናግረው። ሊቀመንበሩ ቅር ብሎት እንደሁ እኔ እንጃ፤ ወጠጤው ግን ይሰማት ነበር።

በኋላ የአንድ ግቢ ሰዎች ሆንን። ግቢው የአንድ የድሮ ነጋዴ ነበር፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ጀርባውን ለደቻቱ የሰጠ። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሲወርድ ብቻ ነው ወንዝነቱ ትዝ የሚለው። የፊቱን ቤት አቶ ጉግሳ ከሚስቱ ከአስካለማርያም ጋር ተከራይቶት ነበር፤ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መሃሉን እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። ሃሊሞና ባሏ ሊበን ደግሞ ከኋላ ያለችውን ዕቃ ቤት ይዘዋል። ሊበን ቀን የመልካ ጀብዱ መኪና ረዳት፣ ማታ የነጋዴው ዘበኛ ነበር።

አዋጁ ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ቀበሌ መጣና ግቢውን በገመድ እየለካ ለሦስት ከፈለው። ፊቱ ለጉግሳ፣ መሃሉ ለኛ። የኋላውን የፈለገው ሰው የለም። «ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀምሰው ያንን ነው» ይል ነበር ጉግሳ። ስለዚህ ለነሃሊሞ ደረሳቸው።

ያን ቀን አይረሳኝም። ድንበሩ ላይ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ተተክሏል። ባልና ሚስቱ ከድንጋይ ድንጋይ እየተራመዱ፣ እንደ ልጅ እየተሳሳቁ ዋሉ። ወደ ማታ ሃሊሞ ዕቃ ቤቷ ደጅ መሬቱ ላይ እግሯን ዘርግታ ቁጭ አለች።

«የሺ፣ ነይ ተቀመጪ፤ የኔ ነው» አለችኝ።

ስትቀመጥ ያየኋት ያኔ ነው። ሊበን በዓመቱ ታሞ ሞተባት። እሷ ግን ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀችም። ወተቷን ትሸጣለች፣ ፍየሎቿን ትጠብቃለች፣ ማታ ማታ መሬቷ ላይ ትቀመጣለች።

የኋላው ቦታ ምን እንደሆነ የገባን ሙቀቱ ሲመጣ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ድሬ ላይ ቤት ውስጥ ማደር የለም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል። ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ ያወጣል። የፊቱና የመሃሉ ደጅ በቤትና በግንብ ተከቧል፣ ቅጠል አይነቃነቅበትም። ሃሊሞ ጋ ግን አመሻሽ ላይ ከአሸዋው ሽቅብ ነፋስ ይመጣል፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ እንደ እናት እጅ ያለ ነፋስ። መጀመሪያ እኔ የገመድ አልጋዬን ይዤ ሄድኩ። ቀጥላ አስካለማርያም ልጆቿን ከነአልጋቸው ይዛ መጣች። መጨረሻ ላይ አቶ ጉግሳ ከጅቡቲ ያስመጣውን ባለ ጉልላት የብረት አልጋ እያንቋቋ ደረሰ።

ቦታ የምትደለድለው ሃሊሞ ናት፤ ወንዱን ሁሉ ዋሪያ፣ አንተዬ፣ እያለች።

«ዋሪያ ጉግሳ፣ አንተ ታንኮራፋለህ። ወደ ፍየሎቹ ሂድ።»

«ፍየሎቹ ምን በደሉ?» ትላለች አስካለማርያም።

አጥር እንሥራ ያለ ሰው አልነበረም። አጥር ከተሠራ ነፋሱ ይቀራል። በቀበሌ ወረቀት ሦስት ቦታ ነበርን፤ ሙቀት ሲገባ ግን አንድ ነን። ጠዋት ሁሉም ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ አልጋው ግን እዚያው ይውላል። ማን በየቀኑ ይሸከመዋል?

የውሃው ነገር የመጣው በሰባ አራት ይመስለኛል፤ የሱማሌው ጦርነት አልፎ ከተማው ትንሽ ሲረጋጋ። እስከዚያ የምንቀዳው ከቦኖ ነበር። ጀሪካን ደርድረን፣ ስንሰዳደብና ስንስቅ ግማሽ ቀናችን እዚያ ያልቃል። ዋናው መስመር በአስፋልቱ ሥር ያልፋል። ከዚያ ቅጥያ ወደኛ መንደር እንዲገባ ተፈቀደ ተባለና እልል አልን። ቧንቧውን የምንገዛ፣ ቦዩን የምንቆፍር ግን እኛው ነን። መዋጮውም ቁፋሮውም የሚደለደለው በቦታ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ስንት ቤተሰብ ያድራል ተብሎ።

ድልድሉን የሚሠራው ክፍሉ የሚባል ወጣት ነበር። ከደጋ ተመድቦ መጥቶ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገውታል። ሥራውን የሚወድ፣ ጉቦ የማያውቅ፣ ፈገግታ የማያውቅ ልጅ። ድሬ የገባው በታኅሣሥ ነው። በታኅሣሥ ድሬ ሙሽራ ናት። የሙቀቷን ጊዜ ገና በደንብ አላየም፣ ማደሪያውም ከዚራ ሰፈር፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ያለው የፈረንሳይ ዘመን ቤት ውስጥ ነበር።

ግንቦት ውስጥ፣ በአንዱ እሁድ ጠዋት ለቆጠራ መጣ። እኔና የነጉግሳ ቤተሰብ ቅዳሴ ሄደናል። ሃሊሞ ወተቷን ይዛ ወጥታለች። ክፍሉ የኋላውን ቦታ ሲያይ፣ አንድ ጠባብ ዕቃ ቤት፣ ደጃፏ ላይ የአልጋ ሰልፍ። የገመድ አልጋ፣ የጠፍር አልጋ፣ የሽቦ አልጋ፣ አንድ ደግሞ ባለ ጉልላት። በሱ አገር አልጋ ደጅ የሚወጣው ቤት ሲቃጠል ብቻ ነው። እናም ልጁ የመሰለውን ጻፈ፤ ሃሊሞ ደባል አስገብታለች፣ በየአልጋው አንድ ቤተሰብ እያከራየች ነው ብሎ።

ያን ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ቤት ማከራየት የድሮ ባለሀብት ሥራ ነው፣ ክልክል ነው። በዚያ ላይ ሃሊሞ ከጀልዴሳ ሰው የሚመጣባት ሴት ናት፤ ከጦርነቱ ወዲህ ከገጠር የሚመጣን እንግዳ ሁሉም በጥርጣሬ ነበር የሚያየው።

በሳምንቱ በቀበሌው ግቢ የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብንና ድልድሉ ተነበበ። አቶ ጉግሳ አንድ ቤተሰብ። የሺአረግ፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ብሆንም፣ አንድ ቤተሰብ። ሃሊሞ ብሎ ልጁ በሷ ቦታ ላይ የቆጠረውን የቤተሰብ ብዛት ሲናገር ሰው አጉረመረመ። ከኛ ደጅ እስከ አሸዋው ያለው ቦይ በሙሉ በሷ ላይ ወደቀ፤ ቧንቧውም እንደዚያው።

«ይህን መሸከም ካልቻለች» አለ ክፍሉ፣ «ቦታው እንደገና ተቆርሶ በላዩ ላይ ለሚያድሩት ቤተሰቦች ይሰጣል። እሷ ከዕቃ ቤቱ ጋር ትቀራለች።»

ሃሊሞን አየኋት። ቆማ ነበር፣ እንደ ድሮዋ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «ልጄ፣ አንዱ አልጋ የኔ ነው።»

«እርስዎ መሃል ቤት አለዎት አይደል?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ቤት እያለዎት ሰው ደጅ ለምን ያድራሉ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ የሚያሾፉበት መስሎት ፊቱ ቀላ። «የኔም ነው» ብሎ የተነሣ ሌላ ሰው ግን አልነበረም፤ የቀሩት አልጋዎች የነጉግሳ ናቸውና። አስካለማርያም የባሏን ጎን በክርኗ ጎሸመችው። አቶ ጉግሳ ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ በዚያ ሙቀት።

«እኔ በበኩሌ» አለ፣ «የማድረው ቤቴ ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳለ ኋላ ነው አስካለማርያም የነገረችኝ። በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎችን ቀበሌ ባዶ ክፍል እየፈለገ ያስገባ ነበር። ጉግሳ ሁለት ክፍል አለው። ደጅ ነው የማድረው ካልኩ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው ይሉኛል ብሎ ፈራ። ሰው ቤቱን ሲፈራበት አንደበቱ ይጣመማል። ያኔ ግን ይህን ማን ያውቃል? ዐይኔን ጉግሳ ላይ ተከልኩ፤ እሱ ዛፉን ያያል።

ክፍሉ ወደ ሃሊሞ ዞረ። «የሚሉት ነገር አለ?»

ሁላችንም አልጋዎቹን በየባለቤታቸው ስም የምትጠራቸው መሰለን። ሃሊሞ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጉግሳ እውነቱን ነው» አለች። «የሚያድረው ቤቱ ነው። ይደር። አንተ ልጅ፣ በመጪው እሁድ ጎህ ሲቀድ ተመልሰህ ና። አልጋ ብቻ አትቁጠር፤ የተኛበትን ሰው ቁጠር።»

ክፍሉ ትንሽ አሰበና እሺ አለ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ አልጋዎቹን አስነሣችን። «የኔንም?» አልኳት። «ያንቺንም፣ አባዮ። አንድ አልጋ ከቀረ ሌላውንም አያምኑኝም።» ተቆጥታ አልነበረም። የልጆቹን ምንጣፍ ራሷ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ጉግሳ ያን የብረት አልጋ እየጎተተ ሲያልፍ ጉልላቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችውና «ነፋስ ሲናፍቅህ በዚህ በኩል ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ምን ልበላችሁ። ግንቦት ነው። የግድግዳው ጭቃ ሳይቀር ያልበዋል። አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክሬ እለብሳለሁ፣ ሳልተኛ ይደርቃል። ከነጉግሳ ቤት ደግሞ የአስካለማርያም ድምፅ ይሰማኛል።

«ቤቴ ነው የማድረው አላልክም? እደር እንግዲህ።»

«ሴትዮ፣ ዝም በይ፣ ንግግርሽ ይሞቃል።»

«የኔ ንግግር ነው የሞቀህ? ያንተ ንግግር ነው ልጆቼን የቀቀላቸው።»

ጠዋት ጉግሳ ዐይኑ አብጦ ይወጣል። ሰላምታ ስሰጠው ኮፍያውን ብቻ ያነሣል።

ሃሊሞ ጋ ሄጄ ስቀመጥ ባዶው ሜዳ አስደነገጠኝ። ለራሷ ያላት አንዲት የጠፍር አልጋ ብቻ ናት፤ በዚያ ሁሉ ነፋስ መሃል። ወተት የምትይዝበትን ዕቃ እያጠነች ነበር።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «የነጉግሳ ነው ብትይ እኔም እመሰክር ነበር።»

«ከዚያስ? የጉግሳን ክፍል ይወስዱበታል። ከዚያ ጉግሳ የኔን ነገር ይፈልጋል። ከዚያ አጥር ይመጣል።» የምታጥነውን ዕቃ ገለበጠች። «የሺ፣ ይቺን መሬት ከቆረሱብኝ ጀልዴሳ እሄዳለሁ። ዘመድ አለኝ፣ ይቀበሉኛል። ግን እዚያ ስሄድ እንግዳ ነኝ፣ የወንድሜ ሚስት ተቀመጪ ስትለኝ ነው የምቀመጠው። ሊበን ደግሞ እዚህ ነው የተቀበረው። ሁለተኛ ቆሜ መኖር አልችልም።»

 እኔ ደግሞ ማጽናናት አላውቅም። የወተቱን ዕቃ ተቀብዬ አብሬያት አጠንኩ።

እሁድ ደረሰ። ገና ሳይነጋጋ የሚንቋቋ ነገር ሰምቼ ነቃሁ፣ መልሼ ግን ሸለብ አደረገኝ። ጎህ ሲቀድ የክፍሉን ድምፅ በደጄ ሰማሁና ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ልጁን ሳየው አዘንኩ። የሱም ዐይን ቀልቷል፤ ያ የድንጋይ ግንብ እንኳ ግንቦትን አልቻለውም። አስካለማርያምም ሰምታ ኖሮ እየሮጠች መጣች። «ጉግሳ የለም» አለችኝ በጆሮዬ። «አልጋውም የለም።»

ተከትለነው ወደ ኋላ ሄድን። ሃሊሞ ተነሥታ ፍየል እያለበች ነው። የጠፍር አልጋዋ በቦታው አለች። ከፍየሎቹ አጠገብ ደግሞ ያ ባለ ጉልላት የብረት አልጋ፤ አቶ ጉግሳ በላዩ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ያንኮራፋል። ሳይታይ መጥቶ ሳይታይ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን ያ ነፋስ ምሕረት የለውም።

ክፍሉ ቆሞ አየው። «ይህ ሰው ቤቴ ነው የማድረው ያለው አይደለም?»

«አትቀስቅሰው» አለች ሃሊሞ ከፍየሏ ሳትነሣ። «እንግዳ ነው።»

«ቤቱ እዚያ እየታየ?»

«እንግዳ ነው አልኩህ። ቤቱ ሞቆት መጣ። ከኔ ጋር ጻፈው።»

እኔና አስካለማርያም ተያየን። አንድ ቃል ብትናገር ነገሯ ሁሉ ይቃና ነበር፤ እሷ ግን የሰውየውን አልጋ በራሷ ላይ አስቆጠረችው። ጉግሳ መቼ እንደነቃ አላውቅም። ማንኮራፋቱ ቆሟል። ዐይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣና እግሩን አሸዋው ላይ አውርዶ ተቀመጠ።

«ልጄ ክፍሉ» አለ፣ «እንግዳ አይደለሁም። ያኔ የቆጠርከው አልጋ ሁሉ የኔና የልጆቼ ነው፣ አንዱ ደግሞ የየሺ። የሷ ይቺ የጠፍሯ ብቻ ናት። ሙቀት በገባ ቁጥር እዚህ ነው የምናድረው። እሷ ደባል የላትም። ደባሎቹ እኛ ነን፣ ያውም የማንከፍል።»

«በስብሰባው ላይ ለምን አልተናገሩም?»

«ክፍሌን እንዳትወስዱብኝ ነዋ። አሁን ከፈለጋችሁ ሰው አስገቡበት። ይህን ሳምንት እኔ ራሴ አድሬበት አይቼዋለሁ፤ የምታስገቡት ሰው ሐምሌ ሳይገባ ጥሎላችሁ ይሄዳል።»

አስካለማርያም ሳቋን መያዝ አቃታት። ክፍሉ መሳቅ ፈለገ መሰለኝ፣ ግን አልለመደበትም። የሚቀመጥበት አጥቶ የሃሊሞ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በዚያን ሰዓት ከአሸዋው የመጣው ነፋስ ወረቀቱን ገለበጠበትና በእጁ ያዘው። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ።

«እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ።

«ሁልጊዜ» አለች ሃሊሞ።

 ሃሊሞ ከፍየሏ ያለበችውን በጣሳ ሰጠችው፣ ጠጣ። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣና «ሃሊሞ፣ አንድ ቤተሰብ» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ጻፈ። የጉግሳን ክፍል ያነሣው ሰው የለም፣ ያኔም ኋላም። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ቀለል ያለኝ ቀን አለ፣ የዚያን ጠዋቱን ግን ዛሬም ስተርከው ትከሻዬ ይወርድልኛል።

የቁፋሮው ቀን ጉግሳ የራሱን ድርሻ ጨርሶ የሃሊሞን ጀመረ። «ተው፣ ወገብህ» ስትለው «የኪራዬ ነው» ይላታል። እሷም ከዚያ ወዲህ ደባሌ ነው የምትለው። ሲሞት እንኳ ለቅሶው ላይ «ደባሌ» ብላ ነው ያለቀሰችው፣ እንግዶቹ ግራ ተጋብተው ነበር።

አሁን ሁሉም አጥሯል፣ ማራገቢያው በየቤቱ ይዞራል፣ አልጋ ደጅ የሚያወጣ ሰው እየጠፋ ነው። ሃሊሞም ከሊበን አጠገብ ካረፈች ቆየች። እኔ ግን ሙቀት ሲገባ ዐይኔ ሳያውቀው ወደዚያ ይሄዳል።

ውሃው የገባው በዚያው ዓመት በሰኔ ነው። ቧንቧው መጨረሻ ላይ የደረሰው እሷ ጋ ነበርና ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ ነፋስ ተፋ፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ጠራ። ሃሊሞ አልጠጣችም፣ ፊቷንም አልታጠበችም። በባልዲ እየቀዳች ሜዳዋን ከድንጋይ እስከ ድንጋይ አርከፈከፈችው፤ አመሻሽ ላይ አልጋ የሚዘረጋበትን ቦታ ሁሉ። መሬቱ ሸተተ። ከዚያ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ወደቆምነው ወደኛ ዞራ ተጣራች።

«ደባሎቼ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? አምጡት እንጂ።»

መጀመሪያ የተሰማው የብረት አልጋው መንቋቋት ነው።